ሌባውና በሩ፤ የኮምፒዩተር ሰርጎ ገቦች ታሪክ ምን ያስተምራል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ስለ ኮምፒዩተር ሰርጎ ገቦች የሚነገረውን ሁሉ ከመቀበል በፊት የነገሩን አመጣጥ መመርመር ተገቢ ነው። በብዙ ሰው አእምሮ የተቀረጸው ሥዕል አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም በጨለማ ክፍል ለብቻው ተቀምጦ፣ ማንም የማይደርስበትን ዕውቀት ይዞ፣ የፈለገውን መዝገብ እንደ ልቡ የሚከፍት ወጣት ነው። ይህ ሥዕል በሲኒማና በጋዜጣ እየዳበረ መጥቶ ሁለት ጉዳት አድርሷል። በአንድ በኩል ሌባውን ጀግና አስመስሎታል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ባለቤቱ «ከእንዲህ ያለ ሊቅ ማን ያመልጣል?» ብሎ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ አድርጎታል።

ከስድሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ታሪክ የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው። ሰርጎ ገቡ አብዛኛውን ጊዜ የገባው ግንብ አፍርሶ ሳይሆን፣ ባለቤቱ ክፍት መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ችላ ባለው በር ነው። ይህን መገንዘብ በተለይ ለመሐንዲስ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ዛሬ ኮምፒዩተር የሚያስተዳድረው ደብዳቤና ሒሳብ ብቻ ሳይሆን የውሃ ግድብን፣ የኤሌክትሪክ መስመርንና የነዳጅ ቧንቧን ጭምር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስሙ አመጣጥ

«ሀከር» የሚለው ቃል በመጀመሪያ የወንጀለኛ ስም አልነበረም። በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በአጭሩ ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው ትምህርት ቤት፣ በ1946 የተቋቋመ የሞዴል ባቡር ክበብ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከክበቡ አባላት መካከል ከባቡሩ ጠረጴዛ ሥር ያለውን የሽቦና የሪሌይ ሥራ የሚወዱት ተማሪዎች፣ አንድን ችግር ባልተለመደና ብልሃት በተሞላበት መንገድ መፍታትን «ሀክ» ይሉት ነበር። እነዚሁ ወጣቶች ፊታቸውን ወደ ተቋሙ ኮምፒዩተሮች ሲያዞሩ ቃሉም አብሯቸው ሄደ። በዚያን ዘመን ሀከር ማለት አንድ መሣሪያ ከተሠራለት ዓላማ አልፎ ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚፈትን ባለሙያ ማለት ነበር። ዛሬም ቢሆን ድርጅቶች ደመወዝ እየከፈሉ የራሳቸውን በር የሚያስፈትኗቸው ሀከሮች አሉ። ስለዚህ ዕውቀቱን ከወንጀሉ መለየት ያስፈልጋል፤ እዚህም ሳይፈቀድለት የሚገባው ሰው «ሰርጎ ገብ» እየተባለ ይጠራል።

የይለፍ ቃል ልደትና ድካም

ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒዩተር ይለፍ ቃሎች አንዱ የተወለደውም በዚሁ ተቋም ነው። በ1961 ፕሮፌሰር ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቻቸው ብዙ ሰዎች አንድን ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ እየተካፈሉ እንዲሠሩበት የሚያስችል ሥርዓት ሠርተው አሳዩ። መሣሪያው የጋራ፣ መዝገቡ ግን የየግል ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ተሰጠው። ዘዴው የተደፈረው ግን ብዙ ሳይቆይ ነው። በ1962 አለን ሸር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ የተመደበለት የኮምፒዩተር ሰዓት ለምርምሩ አልበቃ ስላለው፣ ቃሎቹ የተመዘገቡበት ፋይል እንዲታተም በተበሳ ካርድ ትእዛዝ አስገባ፤ መሣሪያውም ሳይጠራጠር አትሞ ሰጠው። በ1966 ደግሞ አንዳች ሰርጎ ገብ ሳይኖር፣ ሁለት የሥርዓቱ አስተዳዳሪዎች በአንድ ሰዓት ሁለት ፋይሎችን ሲያርሙ ፋይሎቹ ተለዋወጡና፣ የዕለቱ ማስታወቂያ በሚታይበት ቦታ የሁሉም ተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል ተዘርግፎ ታየ። በሁለቱም ጊዜ የታየው ድካም አንድ ነው፤ ምስጢሩ እንደ ተራ ጽሑፍ በግልጽ ተቀምጦ ነበር።

የቤል ላቦራቶሪስ ተመራማሪዎች ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምሰን በ1979 ባሳተሙት ጥናት ለዚህ መፍትሔ አቀረቡ፤ ቃሉ ራሱ ሳይሆን ወደ ኋላ ሊመለስ በማይችል ስሌት የተለወጠ ምስሉ ብቻ እንዲቀመጥ አደረጉ። ይሁን እንጂ በዚሁ ጥናት ከተጠቃሚዎች የሰበሰቧቸውን 3,289 ቃሎች ሲመረምሩ፣ 86 በመቶ የሚሆኑት ወይ እጅግ አጫጭር፣ ወይም በመዝገበ ቃላት የሚገኙ ሆነው ተገኙ። መቆለፊያው ተሻሻለ፤ ቁልፉን የሚመርጠው ሰው ግን እንደ ቀድሞው ነበር።

በ1983 በሚልዋኪ ከተማ የሚኖሩ ጥቂት ወጣቶች በቴሌፎን መስመር ተጠቅመው ወደ አያሌ ድርጅቶች ኮምፒዩተሮች ገቡ። ከእነዚህም መካከል በሎስ አላሞስ የሚገኘው ብሔራዊ ላቦራቶሪና በኒው ዮርክ የሚገኝ የካንሰር ሕክምና ማዕከል ይገኙባቸዋል። በዚያው ዓመት «ዎር ጌምስ» የተባለው ፊልም ወጥቶ ስለነበር፣ ጋዜጦች ወጣቶቹን ከፊልሙ ጀግና ጋር እያስተያዩ ጻፉ። ጥቂቶች ብቻ ያስተዋሉት ነገር ቢኖር፣ ወጣቶቹ በአብዛኛው የተጠቀሙት ፋብሪካው በመሣሪያው ላይ አስቀምጦት ባለቤቱ ሳይለውጠው የቀረውን የይለፍ ቃል መሆኑን ነው።

የ75 ሳንቲም ጉድለት

በ1986 በካሊፎርኒያ፣ በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ፣ ሁለት የሒሳብ ፕሮግራሞች በ75 የአሜሪካ ሳንቲም ተለያዩ። ሌላ ሰው ቢሆን ከኪሱ አውጥቶ ሒሳቡን በዘጋው ነበር። ነገር ግን ሥራውን የተረከቡት የሥነ ፈለክ ሊቅ ክሊፎርድ ስቶል ትንሽነቱን ንቀው አላለፉትም፤ ጉድለቱን ሲከታተሉ አንድ የማይታወቅ ሰው በላቦራቶሪው ኮምፒዩተር በነጻ እንደሚሠራ ደረሱበት። በሩን ወዲያው ከመዝጋት ይልቅ ማተሚያዎችን ከመስመሮቹ ጋር አገናኝተው፣ እንግዳው የሚጽፈውን እያንዳንዱን ፊደል በወረቀት ላይ አስቀሩ፤ የዕለት መዝገብም ያዙ።

በመጨረሻ መስመሩ ተፈልጎ የተገኘው በምዕራብ ጀርመን፣ በሃኖቨር ከተማ ሲሆን፣ ሰውየውና ግብረ አበሮቹ ያገኙትን ለሶቪየት ኅብረት የስለላ ድርጅት ይሸጡ እንደነበር ተረጋገጠ። ስቶል ባሳተሙት ዘገባ መሠረት ሰርጎ ገቡ 450 ያህል ኮምፒዩተሮችን ሞክሮ ከ30 በላይ በሚሆኑት ገብቷል። ይህን ያደረገው በምን ሊቅነት ነው? በአብዛኛው ፋብሪካው ያስቀመጣቸውን የተለመዱ ስሞችና ቃሎች አንድ በአንድ በመሞከር፣ አስቀድመው የታወቁ የፕሮግራም ስሕተቶችን በመጠቀም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በትዕግሥት ነው። ትዕግሥቱን ያሸነፈውም ሌላ ትዕግሥት ነበር፤ የያዘው ለጥቂት ሳንቲሞች የተጨነቀ አንድ ሰው ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1988፣ በኮርኔል ዩኒቨርስቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ሮበርት ታፓን ሞሪስ ራሱን በራሱ እያባዛ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚጓዝ ፕሮግራም ለቀቀ። ይህ ወጣት በ1979 የይለፍ ቃልን ድካም ካጠኑት ሰዎች የአንደኛው ልጅ ነው። ፕሮግራሙ «ትል» ተባለ። በተደረገው ግምት በዘመኑ ከኢንተርኔት ጋር ከተገናኙት 60,000 ያህል ኮምፒዩተሮች ወደ 6,000 የሚሆኑት ተጠቅተዋል። ትሉ የገባው በደብዳቤ ማመላለሻው ፕሮግራም ክፍት በቀረ ቀዳዳ፣ ኮምፒዩተሮች ያለ ማረጋገጫ እርስ በርስ በሚሰጣጡት እምነት፣ እንዲሁም በውስጡ በያዛቸው 432 የተለመዱ ቃሎች የይለፍ ቃልን በመገመት ነው። አባት በጥናት ያመለከቱት ድካም ከዘጠኝ ዓመት በኋላም ሳይታረም ልጅ ተገለገለበት። ፍርድ ቤቱ በ1990 ወጣቱን በሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት፣ በ400 ሰዓት የሕዝብ አገልግሎትና በ10,050 ዶላር ቀጣው። ከዚህ ድንጋጤ ግን አንድ መልካም ነገር ተገኘ፤ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርስቲ አደጋ የደረሰባቸው ሁሉ የሚያመለክቱበትና የሚረዱበት የመጀመሪያው የድንገተኛ ጊዜ ቡድን ተቋቋመ።

በር የሚከፍተው ሰው

መሣሪያው እየጠነከረ ሲሄድ ሰርጎ ገቦች ፊታቸውን ወደ ሰው አዞሩ። በ1995 የተያዘው ኬቨን ሚትኒክ እስራቱን ከጨረሰ በኋላ በ2000 በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ሲመሰክር፣ ከኮምፒዩተር ዕውቀቱ ይልቅ ቴሌፎን ደውሎ ራሱን የድርጅቱ ባልደረባ አስመስሎ በማቅረብ ያገኘው እንደሚበልጥ አስረድቷል። የጠየቃቸው ሠራተኞች ክፉዎች አልነበሩም፤ ባልደረባ መርዳት የለመዱ ቅን ሰዎች ነበሩ።

ሜይ 4 ቀን 2000 ከፊሊፒንስ የተነሣው ቫይረስም በዚሁ በር ገባ። «እወድሃለሁ» የሚል ርእስ ያለው ኢሜይል ከሚያውቁት ሰው የደረሳቸው ሚሊዮኖች አባሪውን ከፈቱ፤ ፕሮግራሙም በአድራሻ መዝገባቸው ላሉት ሁሉ ራሱን ላከ። ወጣት ተጠርጣሪ ቢገኝም፣ በአገሪቱ እንዲህ ያለውን ድርጊት የሚቀጣ ሕግ ስላልነበረ ክሱ ቀረ፤ ሕጉ የወጣው ከጥፋቱ በኋላ ነበር። የላኪው ስም መታወቁ የመልእክቱን ታማኝነት እንደማያረጋግጥ ዓለም የተማረው በዚያን ሳምንት ነው።

መሐንዲሱን የሚመለከተው ምዕራፍ

ዲሴምበር 23 ቀን 2015 በዩክሬን የሚገኙ ሦስት የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ኩባንያዎች ሠራተኞች በመቆጣጠሪያ ክፍላቸው ተቀምጠው ሳሉ፣ የኮምፒዩተሩ ጠቋሚ ማንም ሳይነካው በስክሪኑ ላይ ሲንቀሳቀስና ማብሪያ ማጥፊያዎችን አንድ በአንድ ሲከፍት ተመለከቱ። 225,000 የሚሆኑ ደንበኞች በክረምት ብርድ መብራት አጡ። አጥቂዎቹ ጣቢያዎቹን ከማዕከሉ የሚያገናኙትን መሣሪያዎች ፕሮግራም አጠፉ፤ ሕዝቡ አቤት እንዳይልም የቴሌፎን ማዕከሉን በሐሰት ጥሪ አጨናነቁ። በሩ ግን ከወራት በፊት ተከፍቶ ነበር፤ ይኸውም በኢሜይል የተላከ ተራ ሰነድ የሚመስል አባሪ በቢሮ ሠራተኞች በመከፈቱ ነው። ኃይሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊመለስ የቻለው ሠራተኞች በየጣቢያው ሄደው ማብሪያ ማጥፊያዎቹን በእጃቸው ስለዘጉ ነው። በእጅ የሚሠራው አሮጌ መሣሪያ አለመነሣቱ፣ የሚያውቀው ባለሙያም አለመጥፋቱ ከተማዎቹን አዳነ። አዲስ ጣቢያ የሚነድፍ መሐንዲስ ሁሉን በኮምፒዩተር ላይ ከማንጠልጠሉ በፊት ይህን ማስታወስ ይኖርበታል።

በፌብሩዋሪ 2016 ደግሞ የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ተጠቃ። ሰርጎ ገቦቹ በባንኩ ስም ኒው ዮርክ ለሚገኘው የፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ 35 የክፍያ ትእዛዝ ላኩ፤ ጠቅላላው ወደ 951 ሚሊዮን ዶላር ይደርስ ነበር። ቀኑን በጥንቃቄ መርጠዋል፤ በዳካ ዓርብ፣ በኒው ዮርክ ቅዳሜና እሑድ፣ በማኒላ ደግሞ ሰኞ በዓል ስለነበረ አንዱ ሌላውን ሊያገኘው አልቻለም። ክፍያዎቹን በወረቀት ያሳይ የነበረው ማተሚያ መሥራት ሲያቆም እንደ ተራ ብልሽት ተቆጠረ። 81 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊሊፒንስ ሄደ። ወደ ስሪ ላንካ የተላከው 20 ሚሊዮን ግን በተቀባዩ ድርጅት ስም ላይ የፊደል ግድፈት ያየ የባንክ ሠራተኛ ጥያቄ በማንሣቱ ዳነ። መርማሪዎች በኋላ እንደተናገሩት፣ በባንኩ መረብ ላይ የተገኙት መሣሪያዎች ርካሽና ያገለገሉ ሲሆኑ፣ ከውጭ የሚመጣውን የሚያጣራ መከላከያም አልነበረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ይህን መሰሉን ጥቃት የሚፈጽመው ብቸኛ ወጣት ነው የሚለው እምነትም እዚህ ላይ ይፈርሳል፤ የአሜሪካ መንግሥት በ2018 ክስ የመሠረተው ለሰሜን ኮሪያ መንግሥት ይሠራል ባለው ሰው ላይ ነበርና።

ሜይ 12 ቀን 2017 «ዋናክራይ» የተባለው ፕሮግራም ከ150 በማያንሱ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ ቤዛ ጠየቀ። የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ በነጻ የወጣው ከሁለት ወር ገደማ በፊት፣ ማርች 14 ቀን ነበር። በእንግሊዝ ከ236 የመንግሥት የጤና ድርጅቶች ቢያንስ 80ዎቹ ሥራቸው ተስተጓጎለ፤ የአገሪቱ ኦዲት መሥሪያ ቤትም ጉዳቱን በመሠረታዊ ጥንቃቄ መከላከል ይቻል እንደነበር ጻፈ። በ2021 በአሜሪካ ለምሥራቁ ጠረፍ ነዳጅ የሚያመላልሰው ትልቁ የኮሎኒያል ቧንቧ ለቀናት የተዘጋው፣ ከዚያም ኩባንያው 4.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል ቤዛ የከፈለው፣ ሥራ ላይ ባልነበረ ነገር ግን ባልተሰረዘ አንድ የርቀት መግቢያ ሒሳብ ምክንያት ነው። የይለፍ ቃሉ አስቀድሞ ሾልኮ ወጥቷል፤ ሁለተኛ ማረጋገጫም አልተጠየቀም። ያ ሁሉ ብረትና ፓምፕ የተንጠለጠለው በአንድ ቃል ላይ ነበር።

የተለመደው ምክርም ይመረመር

ስለ ጥንቃቄ የሚሰጡ ምክሮችም ቢሆኑ ከስሕተት የጸዱ አይደሉም። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም በ2003 ያወጣው መመሪያ የይለፍ ቃል ፊደልን፣ ቁጥርንና ምልክትን እንዲያደባልቅ፣ በየጊዜውም እንዲለወጥ የሚያበረታታ ነበር። ምክሩ በመላው ዓለም እንደ ሕግ ተያዘ። ሰው ግን ሰው ነውና፣ በየሦስት ወሩ ለውጥ ሲባል በቀድሞው ቃል መጨረሻ ያለውን 1 ወደ 2 እየለወጠ ኖረ። ተቋሙ በ2017 መመሪያውን አርሞ ርዝመትን ከውስብስብነት አስበለጠ፤ ቃሉ መሰረቁ ካልታወቀ በቀር በግድ እንዳይለወጥም መከረ። የመጀመሪያው መመሪያ ደራሲም በሰጡት ምክር መጸጸታቸውን በግልጽ ተናገሩ። መሐንዲስ የድልድይን ስሌት ከአደጋ በኋላ እንደሚያርም ሁሉ፣ የጥበቃም ደረጃ በልምድ መታረም አለበት።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት አጭር ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየና ረጅም የይለፍ ቃል መያዝ፤ የሚቻል በሆነበት ሁሉ ሁለተኛ ማረጋገጫ መጨመር፤ ማሻሻያ ሲወጣ ሳይውል ሳያድር መጫን፤ ከሥራ የተሰናበተ ሰው ሒሳብ በዚያው ቀን እንዲሰረዝ ማድረግ፤ ከኢንተርኔት የተለየ መጠባበቂያ ቅጂ ማኖር፤ የመቆጣጠሪያውን መረብ ከቢሮው መረብ መለየት፤ ምስጢር በቴሌፎን ሲጠየቅ ስልኩን ዘግቶ በታወቀው ቁጥር መልሶ መደወል። ከእነዚህ አንዱም የሊቅ ሥራ አይደለም፤ ሁሉም ግን በየቀኑ የሚፈጸሙ ናቸው።

በኢትዮጵያም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን፣ መረጃ መጥለፍንና ማበላሸትን በወንጀልነት ደንግጓል። ባንኮችና የእጅ ስልክ የገንዘብ አገልግሎቶች ከከተማ አልፈው ወደ ገጠር በዘለቁበት ጊዜ፣ «ከባንኩ ነው የምደውለው፤ የደረሰህን ቁጥር ንገረኝ» የሚለው የማታለያ ድምፅ ሚትኒክ በቴሌፎን ይጠቀምበት የነበረው ስልት ነው። ሕግ ጥፋተኛውን ይቀጣ ይሆናል፤ በሩን የሚዘጋው ግን ባለቤቱ ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር ሊታለፍ አይገባም። በበርክሌይ 75 ሳንቲሙን፣ በባንኩ የፊደል ግድፈቱን ያስተዋሉት ሰዎች ሥራቸውን ለማዘግየት ያልፈሩ ሰዎች ናቸው። «ይህ ነገር አልጣመኝም» የሚል ሠራተኛ የሚነቀፍበት መሥሪያ ቤት፣ የተሳሳተ አባሪ የከፈተ ሰው ቅጣት ፈርቶ የሚደብቅበት መሥሪያ ቤት፣ ምንም ያህል ውድ መሣሪያ ቢገዛ በሩ ክፍት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ትንሹ ምልክት በታየበት ሰዓት ያለ ፍርሃት የሚነገርበትን ልማድ መትከል የማኅበሩ አባላት በየተሰማሩበት ሊጀምሩት የሚችሉት፣ ገንዘብም የማይጠይቅ ሥራ ነው።